በሜዳው ጫፍ የቆሙ ሸኚዎች

ባለፈው ሳምንት ከከተማችን በታች ባለው መስክ ላይ አንዲት ትንሽ ሄሊኮፕተር አርፋ ነበር። ምጥ የጠናባትን የአንድ ገበሬ ሚስት ወደ ባሕር ዳር ልትወስድ ነው የመጣችው። የልጅ ልጄ ሰላማዊት ነርስ ስለሆነች በሽተኛዋን አጅባ ወርዳለች። እኔን ግን ማንም አልጠራኝም፤ ሰው ሲሰበሰብ ቤት መቀመጥ ስለማልችል ብቻ ምርኩዜን ይዤ ወረድኩ። ሰማንያን ከተሻገሩ በኋላ የሚቀር ደስታ ቢኖር የሰው ነገር ማየት ነው።

አብራሪው ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ፖሊሶቹን ገመድ አስወጠረና ሕዝቡን ከገመዱ ወዲያ አባረረ። ቀጥሎ ቤተሰቡ ያመጣውን ስንቅ አየ፤ አንድ አቁማዳ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በቅል ቅቤ፣ በእንቅብ እንቁላል። አንዲት ፌስታል ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መለሰው። አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ይሂድ አለ፤ ባልየው ግዙፍ ስለነበር ቀጭኗ እህቷ ተመረጠች። የበሽተኛዋ እናት ገመዱን ይዘው ልጄን ሳልሸኛት እያሉ ሲያለቅሱ ግን ጨክኖ አልሄደም፤ መጥቶ ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ቆላ ላይ የሚሸከመውን ያህል አይሸከምም አላቸው። ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ የባሰ ይሳሳል። ከሰዓት በኋላ ከጉና የሚወርደው ነፋስ አይታመንም። እዚያ ማዶ ያለው የመብራት ሽቦ ፀሐይ ዓይን ውስጥ ስትገባ አይታይም። ነጠላ በነፋስ ተገፎ ከሚሽከረከረው ነገር ጋር ቢጠላለፍ የሁሉም መጨረሻ ይሆናል። «እማማ፣ ብዙ ጊዜ የሚጥለን የሞተር መበላሸት አይደለም» አለ። «ትንሽ ጭነት፣ ትንሽ ነፋስ፣ ትንሽ ችኮላ ነው። አንድ ላይ ሲመጡ ነው።»

እኔ ከጎናቸው ቆሜ እሰማ ነበር። «ልጄ፣ እኔም እዚህ መስክ ላይ ወድቄ ነበር» አልኩት። አደናቅፎኝ የወደቅኩ መስሎት ተጎዱ ወይ ብሎ ምርኩዜን አየ። የሚነሣበት ሰዓት ስለሆነ ላስረዳው ጊዜ አልነበረኝም። ለእሱ ያልነገርኩትን ነው እንግዲህ አሁን የምጽፈው።

ጣሊያን አገራችንን ከያዘ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ጥር ነው። እኔ ያኔ ባል አግብቼ፣ ባሌን ፈትቼ አባቴ ቤት የተመለስኩ የአሥራ ስምንት ዓመት ሴት ነበርኩ። አባቴ ግራዝማች አለነ ይባላሉ፤ ቤታችን በጋፋት በኩል ነበር። አባቴ የሚታወቁት በጦር ሜዳ ሳይሆን ወሰን በማስታረቅ ነው። ሁለት ጎረቤት በድንበር ሲጣላ ከመሬቱ መካከል ቁጭ ብለው ሁለቱም እስኪደክማቸው ያናግሯቸዋል። ዓይናቸው በሞራ ከተጋረደ በኋላ እንኳ የሰውን ውሸት በድምፁ ይለዩት ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በእሳቸው ነው፤ ሴት ልጅ ምን ይሠራላታል ላላቸው ሁሉ ዓይኔ ሲጠፋ ዳዊቴን ታነብልኛለች ይሉ ነበር። እንዳሉትም ሆነ።

አንድ ወንድም ነበረኝ፤ ካሤ ይባላል። ገበያ ወጣሁ ብሎ ጉና ላይ ካሉት አርበኞች ጋር ተቀላቀለ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንደ ቤት አልነበረም። በምሽጉ ያለው የጣሊያኖች ካፒቴን በመጀመሪያ አባቴን በማባበል ልጅዎን ያስገቡት አለ። ቀጥሎ ማስፈራራት መጣ። በመጨረሻ ጥምቀት ባለፈ ማግስት አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ መጥተው ሁለታችንንም ወሰዱንና ከምሽጉ ሥር በነበረ የድንጋይ መጋዘን ዘጉብን። መያዣ ሆናችኋል አሉን። ካሤ እጁን እስኪሰጥ ጎንደር እንቀመጣለን፤ ካልሰጠ ደግሞ ባሕር ማዶ እንሻገራለን።

መታሰርን ያላየ ሰው የሚያስጨንቀው ግድግዳው ይመስለዋል። እኔን ያስጨነቀኝ ሐሳቡ ነው። በየትም ብሄድበት መውጫ የለውም። ካሤ ቢገባ ይሰቅሉታል፤ ባይገባ አባቴ በማያውቁት አገር ይሞታሉ። አንዱን ብመኝ ሌላውን መርገም ሆነብኝ፤ ስለዚህ መጸለይ ራሱ አቃተኝ። አባቴ ግን ዳዊታቸውን በቃላቸው ይሉ ነበር፤ ሲሰለቻቸው የመጋዘኑ ጣሪያ ስንት ወጋግራ እንዳለው በምርኩዛቸው እየነኩ ያጫውቱኝ ነበር። እናደድባቸው ነበር። እንዴት አይጨንቃቸውም እያልኩ።

መንገዱን በይፋግ በኩል አርበኞች ስለሚይዙት በእግር ሊወስዱን አልደፈሩም። የምንሄደው በአይሮፕላን ነው ተባለ።

ያቺ አይሮፕላን የምታስፈራ አይደለችም። እንጨትና ሸራ ናት። ፊት ለፊት አብራሪው፣ ከኋላው ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጥባታል። ደብዳቤና መድኃኒት ይዛ በሳምንት አንድ ጊዜ ትመጣ ስለነበር ያገሩ ሰው ከአውድማው ሆኖ ሲያያት ቆይቷል፤ መስኩን እኩሌታ ሳትጨርስ ብድግ ትላለች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሰዉ የሚያውቃት ባዶዋን ሆና ስትነሣ ነው።

የዚያን ቀን በጠዋት መጣች። ወዲያው ብንሄድ ኖሮ ምናልባት ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ካፒቴኑ ግን አብራሪውን ምሳ ጋበዘው። ከአስመራ ወይን መጥቶለት ነበር መሰለኝ፤ ሲዘፍኑ እስከ እኛ ይሰማ ነበር። ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ፤ አለፈ። እኛን ከአይሮፕላኑ ጥላ ሥር አስቀምጠውናል።

በዚህ መሐል ነው የአባቴ ታናሽ እህት እታለም ድንቅነሽ ሦስት አህያ እየነዱ የደረሱት። እታለም ከወንድማቸው በቀር የሚፈሩት ሰው አልነበረም፤ እሳቸውንም ቢሆን የሚፈሩት በሰው ፊት ብቻ ነው። ጠባቂውን አስካሪ አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ አቅምሰው ልጄ፣ ልጄ እያሉ አለፉት። ከዚያ መጫን ጀመሩ። ሁለት አቁማዳ በሶ፣ አንድ ስልቻ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በቅል ቅቤ፣ በገንቦ ማር፣ የአባቴ በርኖስ፣ ሁለት ጋቢ፣ ዳዊታቸው ከነማኅደሩ። እኔ ይህ ሁሉ ምን ይሆናል ስል ጎንደር ስንት ቀን መንገድ ነው ብለው ጠየቁኝ። ሦስት ቀን አልኩ። «እንግዲያስ የሦስት ቀን ስንቅ፣ ለሚያሳድራችሁ ቤት የሚሰጥ፣ እስር ቤት ደግሞ የሚበላ ካገኛችሁ እንጃ» አሉ። የሚኬደው በሰማይ መሆኑ ለእታለም ምንም አልለወጠባቸውም፤ መንገድ መንገድ ነው።

አብራሪው ጆሮው ቀልቶ መጣ። ለጎንደር ወዳጆቹ አንድ ቅርጫት ሙሉ ዶሮና አንድ ጆንያ ድንች ይዟል። ውስጥ አይቶ ራሱን አከከ፤ አስተርጓሚው፣ የሐማሴን ሰው ነው፣ ብዙ ነው እያለ ነው አለን። አብራሪው ከራሱ ድንች ይልቅ የእታለምን አንድ አቁማዳ አወጣ። ወደ ክንፉ ማዶ ሲዞር እታለም አቁማዳውን በዚህ በኩል መልሰው ከተቱት። አየኋቸው፤ በጭንቅ መካከል ሆኜ ሣቅሁ። ካፒቴኑ ሰዓቱን እያየ ሂድ፣ ሂድ አለው።

የጋፋት ሰውም መጥቶ ነበር። አስካሪዎቹ ወደ አይሮፕላኑ እንዳይቀርብ ሲከለክሉት፣ ሰዉ ቅር ሳይለው መስኩን ዳር ዳር ይዞ እስከ ጫፉ ሄደ። እዚያ ከመስኩ ጫፍ የይፋግ መንገድ ይጀምራል። እኛ አገር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው የሚሸኘው እዚያ ነው። ሸኚ አስቀድሞ ሄዶ ይቆማል፤ ሂያጁ ሲደርስ ከበቅሎው ይወርዳል፤ ጉልበት ይሳማል። ከዚያ ትንሽ እንሂድ፣ ይብቃችሁ፣ ትንሽ እንሂድ፣ ይብቃችሁ ተመለሱ እየተባባለ ወንዝ ይደረሳል። ሸኝ ቤት አያደርስም ይባላል፤ ቢሆንም እስከሚችለው ያደርሳል። ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው፣ ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀው ተርታ ይዘው ቆሙ። አይሮፕላን እንደማይቆም ያውቃሉ። ነገር ግን እዚያ ሳትደርስ ተነሥታ በላያቸው ስታልፍ እጅ ይነሣሉ፤ ግራዝማችም ያዩናል ብለው ነው። ዓይናቸው እንደማያይ እንኳ ረስተውት ነበር።

በቀበቶ አሰሩን። ሞተሩ ሲነሣ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ከአውድማው የሚነሣው ገለባ መስኩን አቋርጦ በጎን ይነጉድ ነበር። መንደርደር ጀመርን፤ መስኩን እኩሌታ አለፍነው፤ አልተነሣንም። አንድ ጊዜ ነጠር ብላ መሬት መልሳ መታች። አባቴ እጄን ይዘው ነበር። በአብራሪው ትከሻ ላይ አሻግሬ ሳይ ነጭ የለበሱት ሰዎች እየተለቁ መጡ፤ ማንም አይንቀሳቀስም። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው እጅ ሲነሡ አየሁ።

አብራሪው ጮኸና ከፊቱ ያለውን መሪ ዘንግ ወደ ራሱ ሳበው። ተነሣን። በላያቸው አለፍን፤ ጥቂት ቢቀር ጥምጣም እንገፍ ነበር። አንድ አፍታ ዳንን አልኩ። ከዚያ ያ ሁሉ ጩኸት እያለ ከሥራችን የያዘን ነገር እንደጠፋ ተሰማኝ። ክንፏ በአንድ ወገን ዘመመ፤ ሰማዩ ወደ ጎን ሄደ፤ የአንድ ሰው ገብስ ማሳ ካብ ላይ ወደቅን።

ስነቃ ተዘቅዝቄ ነበር። ቀበቶው ሆዴን ቆርጦ ይዞኛል፤ አቁማዳው ደረቴ ላይ ነው፤ አንድ ክንዴ የት እንዳለ አላውቅም። ማሩ ተሰብሮ በአንገቴ በፀጉሬ ይወርዳል። በሶው አፍንጫዬን ሞልቶታል። ዶሮዎቹ በየአቅጣጫው ይንጫጫሉ። ከሁሉ በላይ ቤንዚኑ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል፤ ሽታው ከማሩ ጋር ተደባልቆ እስከ ዛሬ ማር ስቀምስ ይመጣብኛል። ለመጮኽ ትንፋሽ አጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተይዤ አላውቅም። ከመጋዘኑ ግድግዳ፣ ከዚያ መውጫ ከሌለው ሐሳብ ሁሉ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የያዘኝ የገዛ አክስቴ ስንቅ ነበር።

«ጥሩ» አሉ አባቴ ከጎኔ። ጥሩወርቅ ነው ስሜ። «ሸኚዎቹን መታናቸው?»

አላውቅም አልኳቸው። እኔ ደህና መሆኔን ከድምፄ ሰምተዋል፤ የቀራቸው እሱ ብቻ ነበር።

ሸራው ቷ ብሎ ሲቀደድ ብርሃን ገባ፤ እታለም ከአንዱ አጫጅ እጅ የነጠቁትን ማጭድ ይዘው ነው። ሸኚዎቹ ሁሉ ደርሰዋል፤ አንድም የተነካ የለም። እኔን በእግሬ ጎተቱኝ፤ ከቀኝ ብብቴ በላይ ያለው አጥንት ተሰብሮ ነበር። አባቴን ቀበቶውን በጥሰው አወጧቸው፤ ግንባራቸው ከመተርተሩ በቀር ደህና ናቸው። አብራሪው ግን እግሩ በብረት ተጨብጧል። አንዳንዱ ተዉት ይቃጠል አለ፤ አልፈርድበትም። አባቴ ድምፁ ወደመጣበት ዞረው የሚቃጠል ሰው ጠረን ከመንደራችሁ ይወጣል ትላላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። የአውድማ መንሽና ሞፈር አምጥተው ብረቱን አነሡለት።

አስካሪዎቹ ከመስኩ ማዶ ገና እየሮጡ ነበር። እታለም አባቴን በክንዳቸው ይዘው ጆሯቸው ሥር ገቡ። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁ።

«ጋሻዬ፣ በቅሎዋ ከካቡ ሥር ናት። ጉና እዚያው ነው፤ ካሤ ይቀበልዎታል። ሞተዋል እንላለን።»

«እኔን ቢያጡ ማንን ያገኛሉ?» አሉ አባቴ።

ሁላችንም ዙሪያችንን አየን፤ ሕዝቡ በሙሉ እዚያው ቆሟል፤ ልጅ ያዘለች አለች፤ ምርኩዝ የያዘ አለ። ሜዳ ነው፤ አጥር የለው፣ ግድግዳ የለው። ቢሆንም አባቴ ከዚያ አንዲት እርምጃ ቢወጡ ያ ሁሉ ሰው ይታሰርበታል፤ ጋፋት ይነዳል። «ተቀመጪ» አሏቸው እታለምን፤ ራሳቸውም ካቡ ላይ ተቀመጡ። አስካሪዎቹ ሲደርሱ ሸኚውን ሁሉ ከበቡ፤ እየነዱ ወስደው እኛ የነበርንበት መጋዘን ውስጥ አጎሩት። እየተተፋፈግን አደርን።

በማግስቱ ካፒቴኑ በምሽጉ በር ላይ ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ። አብራሪውን በቃሬዛ አመጡት፤ እግሩ በሁለት እንጨት መካከል በጠፍር ታስሯል። ካፒቴኑ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አይሮፕላኗን የጣላት ማነው።

አብራሪው ብዙ ተናገረ። ፊቱ ነጥቷል፤ በጣቶቹ አንድ፣ ሁለት እያለ ይቆጥራል። አስተርጓሚው ለእኛ እንዲተረጉም ባይጠየቅም በቀስታ ይተረጉምልን ነበር፤ እግዜር ይስጠው። ይህ አገር ከፍ ያለ ነው፣ አየሩ አይሸከምም ይላል። የጠዋቱ አየር ይሻል ነበር፤ ፀሐይ ካናት ካለፈ በኋላ መነሣት አልነበረብኝም ይላል። ነፋሱ በጎን ነበር። ጭነቱ በዝቶ ነበር፣ የኔም ድንች አለበት። ሰዎቹን ሳይ ፍጥነት ሳይሞላ ሳብኳት፤ ቀጥ ብዬ ብሄድ ኖሮ ደግሞ እፈጃቸው ነበር። የትኛውም ብቻውን አይጥላትም ነበር ይላል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውን እኛ ለመልካም ነገር ነው የምንለው። ክፉውም እንደዚያው ያብራል። የምሳ ወይን፣ የእታለም አቁማዳ፣ የአብራሪው ድንች፣ የሽማግሌዎቹ ትሕትና፣ የጥር ነፋስ፤ ለየብቻቸው ብታያቸው አንዱም ነውር የለበትም።

ካፒቴኑ ግን ምሳ የሚለው ቃል ሲነሣ አቋረጠው። እንዲህ ያለ ወሬ ለጎንደር አልጽፍም፤ አንድ ሰው ስጡኝ፣ ወይም መንገዱን የዘጉትን ሁሉ እቀጣለሁ አለ። አስተርጓሚው ይህን ሲተረጉም ድምፁ ተሰበረ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ልጇን ዝም በል፣ ዝም በል ትላለች፤ ልጁ ግን አላለቀሰም ነበር።

አባቴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ስንቁ የእኔ ስንቅ ነው» አሉ። «ሸኚዎቹም የእኔ ሸኚዎች ናቸው። ኑ ሸኙኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እኔ ድሮም የተያዝኩ ሰው ነኝ፤ ጭነቱን እኔ ላይ ጫኑት።»

ኑ አላሉም ነበር። ለማንም ምንም አላሉም፤ እስከምንወድቅ ድረስ ከእኔና ከእታለም በቀር ያናገሩት ሰው የለም። ውሸትን በድምፅ የሚለዩት ሰው ሲዋሹ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ድምፃቸው ምንም አልተለወጠም። ሕዝቡ አጎነበሰ። እውነቱን ተናግሮ የሚያድናቸው ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ፤ ብናገር ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ያልቃል። አፌን ዘጋሁ። እዚያ ቆሜ የአባቴን ፍርድ በዝምታዬ አጸናሁ፤ ንዴቱ ዛሬም አልወጣልኝም።

ሌላ አይሮፕላን የለም ተባለና አባቴ በሦስተኛው ቀን በበቅሎ፣ በብዙ አስካሪ ታጅበው በይፋግ በኩል እንዲሄዱ ተቆረጠ። እኔ አጥንቴ በመሰበሩ በቅሎ አልቀመጥም ብለው እታለም ቤት ጣሉኝ፤ ለመያዣነትም የማልረባ ሆንኩ። ሕዝቡን ለቀቁት። ግራዝማቹ ሲያልፍ ከቤቱ የወጣ ይተኮስበታል ተብሎ ታወጀ። አባቴም ራሳቸው ከመጋዘኑ በአስተርጓሚው በኩል ልከውብን ነበር፤ ማንም እንዳይሸኘኝ፣ ልጄም ብትሆን ብለው።

የሚሄድ ሰው ያለ ሸኚ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ነበር። ባለ ዕዳም፣ ወንጀለኛም ቢሆን የሚያለቅስለት አንድ ሰው እስከ ወንዙ ይከተለዋል። ያን ጠዋት መንገዱ ጭር አለ፤ በር ሁሉ ተዘጋ፤ ውሾች እንኳ ታስረው ነበር። የእታለም ቤት መንገድ ዳር ስለሆነ ከበሩ ጀርባ ቆሜ በስንጥቁ አየሁ። እታለም ከጎኔ ቆመዋል። አስካሪዎቹ መጡ፤ ከመሐላቸው በቅሎዋ ቀስ ብላ ትራመዳለች። አባቴ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸውን ወዲያም ወዲህም አያዞሩም፤ ያው ቢያዞሩስ ምን ያያሉ። ባዶ አገር ውስጥ የሚያልፉ እንዲመስላቸው ሆነ። በሩን ከፍቼ ልወጣ ስል እታለም በደኅናው ክንዴ ያዙኝ።

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

እኛ አገር ሰው ደጅ ደርሶ ድንገት አይገባም፤ እህህ ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ አለሁ ማለት ነው። እታለም ያደረጉት ይህንን ነው፤ ከውስጥ ሆነው፣ ወደ ውጭ። ባለጠመንጃው አስካሪ ዞር ብሎ አየ፤ የጥር ገለባና አቧራ ያላሳለው ሰው የለም፤ አለፈ። ከማዶ ካለው ቤት አንድ ሽማግሌ ሳሉ። ቀጥሎ ያለው ቤት ሳለ። ከዚያ ወዲያ ያለው። ሳሉ ከበቅሎዋ ፊት ፊት እየቀደመ ቁልቁል ወረደ። ወንዱም ሴቱም በተዘጋ በሩ ጀርባ ቆሞ፣ ልክ በመስኩ ጫፍ እንደቆመው ቆሞ፣ ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔም ሳልኩ፤ የተሰበረው አጥንቴ እንደ እሳት ለበለበኝ፤ ደግሜ ሳልኩ።

አባቴ ልጓሙን ያዝ አደረጉ። ዓይናቸው ባያይም ጆሯቸው ማንን ከማን እንደሚለይ አውቃለሁ፤ የእኔን ሳል ለይተዋል። ባርኔጣቸውን አወለቁና ማንም በሌለበት መንገድ ላይ ጮክ ብለው ተናገሩ።

«ይብቃችሁ፤ ተመለሱ።»

አስካሪዎቹ ሳቁ። ሽማግሌው ጃጀ ብለው መሰለኝ። ሰዉ ግን አልተመለሰም፤ ሸኚ በአንድ ቃል አይመለስም። እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ ሳሉ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ የበቅሎዋ ኮቴ ብቻ ቀረ።

አባቴ አልተመለሱም። ጎንደር ጥቂት ጊዜ ተቀመጡ፤ ከዚያ ባሕር ማዶ ተሻገሩ ተባለ፤ ሌላው ወሬ ነው። ካሤ ጣሊያን ሲወጣ በደኅና ገባ፤ የአባታችንን ነገር ስነግረው በሳሉ ቦታ ላይ ደግሜ እንድነግረው ይጠይቀኝ ነበር። እታለም እስኪሞቱ ድረስ ለመንገደኛ ስንቅ መቋጠር አልተዉም፤ ግን ከዚያ ወዲያ አቁማዳውን አንድ ጊዜ በእጃቸው ብድግ አድርገው ሳይመዝኑ ለማንም አይሰጡም ነበር። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ አልጠየቅናቸውም።

ባለፈው ሳምንት ያ ልጅ አቁማዳውን መልሶ፣ ገመዱን አስወጥሮ፣ ጠዋቱ ሳያልፍ ልሂድ ሲል ሰዉ ጨካኝ ነው ብሎ አጉረመረመ። እኔ ልስመው ነበር የፈለግኩት። እኛ በአጥንታችን የተማርነውን ሌላው ከደብተር ቢማረው ምን ይጠላል።

ሄሊኮፕተሯ ስትነሣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። የበሽተኛዋ እናት ከገመዱ ኋላ መሬት ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን እንደ ቀበሩ ሁሉ ሽቅብ ያያሉ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አንድ ጊዜ አየት አደረጉኝና፣ ገባቸውም አልገባቸውም፣ እሳቸውም እህህ አሉ። እንዲህ እየተባባልን ከኮረብታው ጀርባ እስክትጠፋ ቆየን።

ሰላማዊት መጥታ ክንዴን ያዘች። «ጉንፋን ያዘዎት እንዴ እማማ?»

አቧራው ነው አልኳት።